«በዚህ እንጀራ ይበላል?» ከካትሌሆንግ የተማርኩት ስለ መኪና ውድድር ሙያ

ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ደቡብ አፍሪካ የሚኖሩትን አጎቴን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። አጎቴ ከጆሃንስበርግ በስተ ደቡብ ምሥራቅ በምትገኘው በካትሌሆንግ ትንሽ ሱቅ አላቸው። እዚያ ያሉ ወገኖቻችን እንዲህ ያለውን የጥቁሮች ሰፈር «ሎኬሽን» ይሉታል። አንድ ማታ ሱቁን ዘግተን ሒሳብ ስንሠራ፣ የ16 ዓመቱ ልጃቸው «እኔ ኮሌጅ አልገባም፤ የመኪና ተወዳዳሪ ነው የምሆነው» አለ። አጎቴ እርሳሳቸውን አስቀምጠው ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ተምረሃል። እስኪ ንገረኝ፣ በዚህ እንጀራ ይበላል?»

መልስ ስላልነበረኝ ጥቂት ቀን እንዲሰጡኝ ለመንኋቸው። ከዚያ ጠየቅኩ፣ አነበብኩ፣ ሄጄም አየሁ። ያገኘሁትን ለእናንተ የማካፍለው፣ በመካከላችን ወላጆቹ የማያውቁትን ሙያ የሚመኝ ብዙ ሰው ስላለ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1. ልጁ የወደደው ነገር

የአጎቴ ልጅ ያደገው ስፒኒንግ እያየ ነው። ስፒኒንግ መኪናን በጠባብ ሜዳ ላይ እንደ እንዝርት ማሾር ነው። አሽከርካሪው የኋላ ጎማዎቹ መሬት መያዝ እስኪያቅታቸው ነዳጅ ይሰጣል፣ መሪውን እስከ ጥጉ ያዞራል፣ ከዚያ ክቡን እንደፈለገ ያጠባል፣ ያሰፋል። ጭሱ ተመልካቹን ያለብሰዋል። አንዳንዱ ደፋር መኪናው እየዞረ ሳለ በመስኮት ወጥቶ ይንጠለጠላል።

ለዚህ የሚሆነው የሞተሩ ኃይል ወደ ኋላ ጎማ የሚሄድ መኪና ነው። በሎኬሽኖቹ በጣም የሚወደደው ጠርዘ ብዙው አሮጌ ቢኤምደብልዩ ሲሆን «ጉሼሼ» ይሉታል። ከእሱም ውስጥ 325 አይኤስ ልዩ ክብር አለው። ብዙዎቹ ዲፈረንሻሉን ይበይዱታል። ካልተበየደ ኃይሉ በቀላሉ ወደሚንሸራተተው ጎማ ይሸሻል፤ ሲበየድ ግን ሁለቱ የኋላ ጎማዎች እኩል ይዞራሉ። ልጁ ይህን ሁሉ ያስረዳኝ በአንድ ትንፋሽ ነው። የፊዚክስ ውጤቱ ግን ዝቅተኛ ነው ብለው አባቱ ነግረውኛል።

ስፒኒንግ የተጀመረው በ1980ዎቹ በሶዌቶ ነው። አጀማመሩ የሚያኮራ አልነበረም፤ ወንጀለኞች በሰረቁት መኪና ጉልበታቸውን የሚያሳዩበት፣ የሞተ ባልንጀራቸውንም በቀብሩ ዕለት የሚሸኙበት ነበር። ያው ጨዋታ በ2014 የአገሪቱ የሞተር ስፖርት የበላይ አካል በሆነው በሞተርስፖርት ሳውዝ አፍሪካ እንደ ስፖርት ታወቀ። ዛሬ የተከለለ ሜዳ፣ ዳኛ፣ የደህንነት ደንብና ስፖንሰር ያላቸው ውድድሮች አሉት።

2. ሌላው መንገድና ዋጋው

ሶዌቶ ውስጥ ስፒኒንግ በተወለደበት ዘመን፣ በጆሃንስበርግና በፕሪቶሪያ መካከል ባለው የክያላሚ ሜዳ ፎርሙላ ዋን ይካሄድ ነበር። ደቡብ አፍሪካዊው ጆዲ ሼክተር በ1979 በፌራሪ መኪና የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል፤ ከአፍሪካ እስከ ዛሬ ብቸኛው ነው። ለካትሌሆንግ ልጅ ግን የሚኖርበትን ሰፈርና የሚማርበትን ትምህርት ቤት የሚወስንለት የአፓርታይድ ሕግ ነበር። በ1985 ሬኖና ሊዥዬ የተባሉት የፈረንሳይ ቡድኖች አፓርታይድን ተቃውመው ከክያላሚ ቀሩ። ከዚያ በኋላ ፎርሙላ ዋን ወደዚያ የተመለሰው በ1992 ነው።

ሕጉ ተሽሯል፤ የገንዘብ አጥሩ ግን ቆሟል። የተለመደው መሰላል በልጅነት ከካርቲንግ ይጀምራል። ከ15 ዓመት ጀምሮ ፎርሙላ 4 አለ፤ ቀጥሎ ፎርሙላ 3፣ ከዚያ ፎርሙላ 2 ይመጣል። ፎርሙላ ዋን ለመንዳት ሱፐር ላይሰንስ የሚባል ፈቃድ ያስፈልጋል፤ እሱን ለማግኘት በመደበኛው ደንብ 18 ዓመት መሙላትና በሦስት የውድድር ዓመታት ውስጥ 40 ነጥብ መሰብሰብ ይጠይቃል። ፎርሙላ 2 ላይ ያለ የአንድ ዓመት ወንበር ዋጋው በሚሊዮን ዩሮ ይቆጠራል። ብዙ ጊዜ ከፋዩ ቡድኑ ሳይሆን አሽከርካሪው ወይም ስፖንሰሩ ነው። አጎቴ ይህን ስነግራቸው «ሠራተኛው ነው ለአሠሪው የሚከፍለው?» ብለው ሳቁ።

ሰባት ጊዜ ሻምፒዮን የሆነው ሉዊስ ሃሚልተን ካርቲንግ የጀመረው በ8 ዓመቱ ነው። አባቱ አንቶኒ ወጪውን ለመሸፈን ሥራ በሥራ ላይ ደርበው ይሠሩ ነበር። ማክላረን ልጁን የተቀበለው በ1998፣ በ13 ዓመቱ ነው። እስከዚያ ድረስ ሸክሙ የቤተሰቡ ነበር።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ነገር በሩጫ በኩል ገልብጠን እናውቀዋለን። ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ከአንዲት ከተማ፣ ከበቆጂ ወጥተዋል። ከፍታው፣ ትጋቱና እንደ አቶ ሥንታየሁ እሸቱ ያለ አሠልጣኝ ትልቅ ድርሻ አላቸው። ነገር ግን የመጀመሪያው ደረጃ ነፃ መሆኑም አይረሳ፤ መንገዱ የሁሉም ነው። የመኪና ውድድር የመጀመሪያ ደረጃ ግን ጎማ፣ ነዳጅና ፈቃድ ይጠይቃል። የሎኬሽን ልጆች ትልቁ ሥራ ያንን ደረጃ ዝቅ ማድረጋቸው ነው፤ አሮጌ መኪና፣ ያለቀ ጎማና ባዶ ሜዳ ይዘው ጀመሩ።

3. የተሳካላቸው ከመንዳት ሌላ ምን ነበራቸው?

ይህን ጥያቄ ይዤ የአራት ሰዎችን ታሪክ አነጻጸርኩ።

ጉጉ ዙሉ ከደቡብ አፍሪካ ጥቁር አሽከርካሪዎች ስመ ጥር የነበረ፣ በክብ ሜዳም በራሊም የተወዳደረ ሰው ነው። በቴሌቪዥን አቅራቢነትም ይታወቅ ነበር። በሐምሌ 2016 በ38 ዓመቱ ያረፈው ለሴት ተማሪዎች የንጽሕና መጠበቂያ ገንዘብ ለማሰባሰብ ኪሊማንጃሮን ሲወጣ ነው።

ስቴሲ ሊ ሜይ ከሶዌቶ አጠገብ ካለው ከኤልዶራዶ ፓርክ የወጣች የስፒኒንግ አሽከርካሪ ናት። በ2019 በኔትፍሊክስ «ሃይፐርድራይቭ» በተባለው ውድድር ላይ ታይታለች። ከዚሁ ጎን ለጎን ሕግ ታጠና ነበር።

አሜሪካዊው ዌንደል ስኮት በናስካር ከፍተኛው ምድብ ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር አሽከርካሪ ነው፤ ቀኑም ታኅሣሥ 1፣ 1963 ነበር። የዚያን ዕለት ድሉ ለሌላ ሰው ታውጆ ቆይቶ ነው የታረመለት። ስኮት መኪናውን የሚጠግነው ራሱ ከልጆቹ ጋር ሆኖ ነበር። ለዓመታት ሜዳ ላይ ያቆየው መካኒክነቱ ነው።

ብሪታንያዊው ጃን ማርደንቦሮ ደግሞ በ2011 በቪዲዮ ጌም ውድድር አሸንፎ የእውነተኛ መኪና ሥልጠና አገኘ። በ2013 በለማን የ24 ሰዓት ውድድር ከባልደረቦቹ ጋር በምድቡ 3ኛ ወጣ።

አራቱም ጎበዝ አሽከርካሪዎች ናቸው። ግን አንዳቸውንም ፍጥነት ብቻ አላቆመውም። አንዱ በአንደበቱ፣ አንዷ በትምህርቷ፣ አንዱ በመፍቻው፣ አንዱም ሌላ ሰው ባላየው በር በመግባቱ ነው የቆየው።

4. ለአጎቴ የሰጠሁት መልስ

በቀጠሯችን ቀን ሦስታችን ሱቁ ውስጥ ተቀመጥን። «ጋሼ፣ መንዳቱ ብቻ እንጀራ አያበላም። ብዙዎቹ ከሚያገኙት ይልቅ የሚያወጡት ይበልጣል። መኪናውን ማወቅ ግን ያበላል» አልኳቸው። ከእያንዳንዱ አሽከርካሪ ጀርባ መካኒክ፣ መሐንዲስ፣ የኮምፒውተር መረጃ የሚያነብ ባለሙያ፣ ጎማ ለዋጭና ስፖንሰር ፈላጊ አለ። እነዚህ ደመወዝ ያላቸው ሥራዎች ናቸው። ሙያ ያለው ልጅ የአሽከርካሪነት ዕድሉ ቢዘጋ እንኳ ከሜዳው አይባረርም።

አጎቴ ዝም ብለው የዱቤ ደብተሩን ገለጡና አንድ ንጹሕ ገጽ ለልጃቸው ሰጡት። «የአንድ እሑድ ወጪህን ጻፍ» አሉት። ጎማ፣ ነዳጅ፣ መመዝገቢያ፣ መኪናውን መጫኛ፣ የሚሰበር ዕቃ። ልጁ ጽፎ ሲደምር የሱቁን የሳምንት ትርፍ አለፈ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሁለት ጎማ በአንድ ቀን ያልቃል ለካ» አለ።

የተስማሙት እንዲህ ነው። ትምህርቱን ይጨርሳል። ቅዳሜ ቅዳሜ በሰፈሩ ጋራዥ ከጎሚስታውና ከመካኒኩ ጋር እየዋለ ይማራል። መንገድ ላይ አይነዳም፤ ጊዜው ሲደርስ ፈቃድ አውጥቶ፣ አምቡላንስ በቆመበት ሜዳ ብቻ ይሞክራል። አባቱም በበኩላቸው «ዱርዬነት ነው» ማለታቸውን ይተዋሉ። ለአጎቴ ከባዱ የመጨረሻው ነበር።

ለእኛስ?

ኮሌጅ ያለን ሰዎች ከዚያ ልጅ የቀለለ በር አለን። ተማሪዎች ራሳቸው ነድፈው በሠሩት መኪና የሚወዳደሩበት ፎርሙላ ስቱደንት ወይም ፎርሙላ ኤስኤኢ የሚባል ውድድር በብዙ አገሮች አለ። ኮሌጃችሁ ቡድን ካለው ሄዳችሁ ጠይቁ። መሐንዲስ መሆን ግዴታ አይደለም፤ በጀት የሚይዝና ስፖንሰር የሚያነጋግር ተማሪም ይፈልጋሉ። መንዳት የሚመኝ ደግሞ በኪራይ ካርት ይጀምር፤ የእያንዳንዱን ቀን ወጪና ሰዓት በደብተር ይመዝግብ። ከዓመት በኋላ ያ ደብተር መቀጠል ይሁን መተው ይነግረዋል።

ባለፈው ሳምንት ስደውል ስልኩን ያነሱት አጎቴ ናቸው። «ልጁ የት አለ?» አልኳቸው። «ጋራዥ ነው» አሉኝ። ቀጠል አድርገውም፣ «ትናንት የጎረቤቱን መኪና ፍሬን ሠርቶ ገንዘብ አመጣ። ቆጥሬ መለስኩለት፣ ለጎማው ያስቀምጠው» አሉ።