የወፍጮ ቤት አገልግሎትና ደንበኛው

ቡሌ በጌዴኦ ዞን የሚገኝ ደጋ አገር ነው። ከዲላ ተነስተን ወደ ምሥራቅ ዳገቱን ስንወጣ እናገኘዋለን። በቡሌ እንሰት ይተከላል፤ ገብስ፣ ስንዴና ባቄላም ይዘራል። እንሰቱ በጓሮ ተፍቆ ቆጮ ይሆናል። እህሉን ግን ወፍጮ ቤት እንወስዳለን። ድሮ እናቶቻችን ከሌሊት ተነስተው በመጅ ይፈጩ ነበር። ሞተር ይህን ድካም አቃሎልናል።

ወፍጮ ቤት አገልግሎት ይሰጣል እንጂ ዕቃ አይሸጥም። እህሉ የራሳችን ነው፤ የምንከፍለው የማስፈጫ ነው። ሁለት ወፍጮ ቤቶች በአንድ ገበያ አጠገብ አሉ እንበል። ዋጋቸው እኩል ነው። አንዱ ዘንድ ሰው ይሰለፋል። ሌላው ዘንድ ሠራተኛው በር ላይ ተቀምጦ ያንቀላፋል። ታዲያ ይህ ለምን ሆነ? ምክንያቱን አንድ በአንድ እንመልከት።

አንደኛው ሚዛን ነው። እህል ሳይጫንበት የሚዛኑ መርፌ ዜሮ ላይ መቆም አለበት። አንዲት እናት በወር ሁለት ጊዜ 25 ኪሎ ገብስ ታስፈጫለች እንበል። ሚዛኑ 27 ኪሎ ቢል በየጊዜው የ2 ኪሎ ዋጋ ያላግባብ ትከፍላለች። በዓመት 24 ጊዜ ስታስፈጭ 48 ኪሎ ይሆናል። የሁለት ጊዜ ማስፈጫ ያህል ገንዘብ ላልተፈጨ እህል ወጣ ማለት ነው።

ሁለተኛው ተራ ነው። እህል በጀርባዋ ተሸክማ ዳገት የወጣች ሴት ቤቷ ልጆች ይጠብቋታል። ዘመድ ወይም ባለገንዘብ በመጣ ቁጥር የእሷ ስልቻ ወደ ኋላ ከተገፋ መሽቶባት ትመለሳለች። ሁለተኛ ወደዚያ ቤት አትሄድም፤ ጎረቤቷንም ትነግራለች።

ሦስተኛው ጥንቃቄ ነው። የወፍጮ ድንጋይ ሲደነዝዝ ዱቄቱ ይሞቃል፤ አይልምም። ስለዚህ ድንጋዩ በጊዜው መወቀር አለበት። ከተወቀረ በኋላ ግን መጀመሪያ የሚወጣው ዱቄት የድንጋይ ብናኝ ይኖረዋል። ጥሩ ባለ ወፍጮ ያንን ለይቶ ይደፋል እንጂ ለደንበኛ አይሰጥም። በርበሬ የፈጨበትንም ሳያጸዳ ገብስ አይፈጭበትም። ቺንጋውንም በመከለያ ይሸፍናል፤ የነጠላ ጫፍ ቢይዝ ሰው ይጎዳልና። ደግሞ ከገቢው ለመለዋወጫ ያስቀምጣል። ትርፉን ሁሉ የበላ ሰው ሞተሩ የተሰበረ ዕለት ደንበኞቹ ወደ ሌላው ይሄዱበታል።

አራተኛው ፊት ነው። አባቶቻችን «ከፍትፍቱ ፊቱ» ይላሉ። «እናቴ፣ ተራዎ ደርሷል» ማለት ምንም አያስወጣም። «ዞር በይ!» ማለት ግን ደንበኛ ያስወጣል።

በቡና አገርም ነገሩ ያው ነው። ከቡሌ ዝቅ ብለን ወደ ይርጋጨፌ ብንወርድ ገበሬው ቀይ ቡናውን ለቅሞ ወደ መፈልፈያ ጣቢያ ያመጣል። እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ይበላሻል፤ ዋጋውም ይወርዳል። ስለዚህ ገበሬው ሚዛኑ የታመነና ቶሎ የሚረከበውን ጣቢያ ይመርጣል።

አንዳንድ ቀበሌ ግን ያለው ወፍጮ አንድ ብቻ ነው። መምረጫ ከሌለ ምን ይደረጋል? ዝም ማለት አይገባም። ወፍጮው የኅብረት ሥራ ማኅበር ከሆነ ባለቤቶቹ እኛው አባላቱ ነን። በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት በመሠረታዊ ማኅበር ውስጥ አንድ አባል አንድ ድምፅ አለው፤ ሀብታምም ይሁን ድኻ። በጠቅላላ ጉባዔ ተነስተን ጉድለቱን እንናገር። ወፍጮው የግለሰብ ከሆነ ደግሞ ወደ ወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት እንሂድ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች በማንኛውም ነጋዴ ዘንድ በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ መብት እንዳለው፣ ከስድብና ከዛቻም እንዲጠበቅ ደንግጓል።

እንግዲህ ፊደል የቆጠርነው ለዚህም ጭምር ነው። ቁጥር የማያውቅ ሰው የተባለውን ይከፍላል። ቁጥር የሚያውቅ ግን መርፌውን ራሱ ያነባል፤ ሒሳቡን ራሱ ያሰላል። በሚቀጥለው ጊዜ ወፍጮ ቤት ስንሄድ ስልቻችን ሳይጫን በፊት ሚዛኑን እንመልከት። ማንበብ ያልቻለች ጎረቤት ካለችም እናንብብላት። ሐቀኛው ባለ ወፍጮ በዚህ ይደሰታል እንጂ አይቆጣም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ሁለት ወፍጮ ቤቶች ዋጋቸው እኩል ሆኖ አንዱ ብዙ ደንበኛ የሚያገኘው ለምንድን ነው?
2. ሚዛኑ በ25 ኪሎ ላይ 1 ኪሎ ቢጨምር በዓመት በ24 ጊዜ ስንት ኪሎ ይሆናል?
3. በቀበሌያችሁ ወፍጮ ቤት ምን ጥሩ ነገር አለ? ምንስ መታረም አለበት?