«1968» የቱ 1968 ነው? የድሮ የስፖርት ፔናንት አሰባሰብና አለያየት

ከጂቡቲ ጭኖ ኮምቦልቻ የሚገባ ከባድ መኪና ጋቢና ውስጥ፣ ከመስታወቱ ሥር፣ ከመቁጠሪያው ወይም ከሙስባሃው ጎን፣ ዘርፍ ያላት ባለ ሦስት ማዕዘን ጨርቅ ትወዛወዛለች። አንዱ ጋ አርሰናል፣ ሌላው ጋ ማንቸስተር ዩናይትድ። ፔናንት የምትባለው ይቺ ናት። ተለቅ ያለውን ዓይነት ኳስ የሚያይ ሁሉ ያውቀዋል፤ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት አምበሎቹ ዳኛው ፊት ቆመው የሚለዋወጡት ነው።

በደሴና በኮምቦልቻ የድሮ ፔናንት የሚሸጥ ሱቅ ፍለጋ መዞር ድካም ብቻ ነው። ዕቃው ያለው ሰው ቤት ነው። የቀድሞ ተጫዋች፣ ጡረታ የወጣ የስፖርት መምህር፣ ለውድድር ሌላ ከተማ ሄዶ የመጣ ዳኛ፣ ግድግዳውን ለዓመታት ያልቀየረ ቡና ቤት ወይም ፀጉር ቤት፣ መጀመሪያ የሚጠየቁት እነዚህ ናቸው። ሆጤ ሜዳ ላይ ጨዋታ ሲኖር ቀድመው መጥተው የሚቀመጡት ሽማግሌዎች ማን ምን እንዳለው ከማንም በላይ ያውቃሉ። ከዚያ ፒያሳንና ሸዋ በርን አዳርሶ ወደ ገራዶ ወረድ ማለት ነው፤ ከተማ ውስጥ ቤት ሲታደስ የሚጣለው ዕቃ ገጠር ያለ ዘመድ ቤት ሳጥን ውስጥ መገኘቱ ብርቅ አይደለም።

አጠያየቁ ራሱ ሥራ ነው። ገና ከበር «ስንት ይሸጡታል?» ያለ ሰው ጨርቁን ቢያገኝ እንኳ ታሪኩን ያጣል። ቡናው ተጠጥቶ፣ ጨዋታው ከሞቀ በኋላ «ጋሼ፣ ይቺን ማን ሰጠዎት? ያን ጊዜ ከማን ጋር ነበር የተጫወታችሁት?» ማለት ይሻላል። መልሱ እዚያው ማስታወሻ ላይ ይጻፋል፤ ማን ሰጠ፣ የት፣ በየትኛው ውድድር። ፎቶ ከፊትም ከኋላም ይነሣል፤ አጠገቡ ማስመሪያ ቢቀመጥ መጠኑ አብሮ ይታያል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የደሴ ሙዚየም መዘረፉም መዘንጋት የለበትም። ጀርባው ላይ የመዝገብ ቁጥር የተጻፈበት ወይም የተለጠፈበት ዕቃ ገበያ ላይ ከታየ መንገዱ ወደ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት እንጂ ወደ ሰብሳቢ ቤት አይደለም።

ጨርቁ እጅ ከገባ በኋላ መጀመሪያ መነበብ ያለበት ዓመቱ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው።

«1968» የሚል ፔናንት ተገኘ እንበል። ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን 3 ጊዜ አዘጋጅታለች፤ በፈረንጆቹ 1962፣ 1968 እና 1976። የመጨረሻው በእኛ አቆጣጠር የካቲት 1968 ዓ.ም. ነው የተጀመረው። ስለዚህ ያቺ አንዲት ቁጥር በ8 ዓመት የሚራራቁ፣ ሁለቱም እዚሁ አገር የተካሄዱ ሁለት ዋንጫዎችን ልታመለክት ትችላለች። ጽሑፉ በአማርኛ ነው ወይስ በላቲን ፊደል? ይህ የመጀመሪያው ፍንጭ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ከተማው ይታይ፦ በፈረንጆቹ 1968 ጨዋታዎቹ የነበሩት አዲስ አበባና አስመራ ነው፤ በ1976 አዲስ አበባና ድሬዳዋ። የስታዲየሙ ስምም ይናገራል፤ «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም» ካለ ከፊተኛው ነው። የተጋጣሚ ስም ካለበትማ ነገሩ አለቀ። የፊተኛውን ዋንጫ ጋናን 1 ለ 0 አሸንፎ የወሰደው ኮንጎ ኪንሻሳ ነበር፤ ያው አገር በኋለኛው ውድድር የመጣው ዛየር ተብሎ ነው።

በ1954ቱ (በፈረንጆቹ 1962) ዋንጫም የተጋጣሚ ስም እንዲሁ ይናገራል። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ሉቺያኖ ቫሳሎ በአምበልነት የመራው ቡድን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ያሸነፈው ግብፅን ቢሆንም፣ አገሪቱ በወቅቱ የምትጠራው የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ተብላ ነበር። የዚያን ዘመን ጨርቅ ነው ተብሎ የቀረበ ዕቃ ላይ «ግብፅ» ብቻ ተጽፎ ከታየ ሻጩን ደግሞ ደጋግሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ዓመት ያልተጻፈበት ፔናንት ደግሞ በዓርማው ይለያል። ዘውድ የደፋ አንበሳ ካለበት ከአብዮቱ በፊት ነው። ማረሻ ያለበት ብሔራዊ ዓርማ የደርግ ነው፤ ሰማያዊ ክብ ላይ የተቀመጠው ባለ ጨረር ኮከብ የመጣው በ1988 ዓ.ም. ነው። ለወሎ ሰው ከዚህም የሚቀል መለያ አለ። የትምህርት ቤትና የክልል ውድድር ጨርቆች ላይ የአስተዳደሩ ስም አይቀርም፤ «ወሎ ጠቅላይ ግዛት» የንጉሡ ዘመን፣ «ወሎ ክፍለ ሀገር» የደርግ፣ «ደቡብ ወሎ ዞን» ደግሞ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው።

የክለብ ስም ግን አንዳንዴ ያታልላል። መቻል ለብዙ ዓመታት መከላከያ ተብሎ ቆይቶ በቅርቡ ወደ ጥንቱ ስሙ ተመልሷል፤ «መቻል» የሚል ጨርቅ በጣም አሮጌ ወይም በጣም አዲስ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። በቅዱስ ጊዮርጊስ ጨርቅ ላይ «1928» ቢነበብ ደግሞ ክለቡ የተመሠረተበት ዓመት እንጂ ጨርቁ የተሠራበት አይደለም። የመኪና መስታወት ላይ የሚንጠለጠሉትም መለያ አላቸው፦ የአርሰናል መድፍ በፈረንጆቹ 2002 ወደ ቀኝ ከመዞሩ በፊት አፉ ወደ ግራ ነበር፤ የማንቸስተር ዩናይትድ ዓርማ ላይ «ፉትቦል ክለብ» የሚሉት ቃላት የተነሡት በፈረንጆቹ 1998 ነው።

ቀጥሎ ጨርቁና ፊደሉ። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎችና የቤዝቦል ክለቦች የቆዩ ፔናንቶች ረጅምና ሹል ናቸው፤ የሚሠሩት ከሱፍ ፈልት ሲሆን በጥንቶቹ ላይ ፊደሉ ተቆርጦ ይሰፋ ነበር። የአውሮፓ እግር ኳስ ፔናንት ሳቲን ነው፤ ዳር ዳሩን ዘርፍ አለው። ሱፍ ነው ወይስ ሰው ሠራሽ የሚለውን ለመለየት ከጀርባው የተላቀቀች አንዲት ጭረት በወረንጦ ተይዛ ከጨርቁ ርቃ ትቃጠላለች። ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ ሲጨመቅም አመድ ይሆናል፤ ሰው ሠራሹ ቀልጦ እንደ ዶቃ ይጠነክራል። የሐሰት ብር የሚለይበት ሐምራዊ መብራትም ይረዳል። በጨለማ ሲበራበት ነጩ ክር ደማቅ ሰማያዊ ካበራ፣ ከፈረንጆቹ 1950ዎቹ ወዲህ የተስፋፋው ማንጫ ኬሚካል አለበት። በዘመኑ ሳሙና የታጠበ አሮጌ ጨርቅም እንዲሁ ስለሚያበራ በዚህ ብቻ አይፈረድም።

አማርኛ ለተጻፈበት ግን ፊደሉን አጉሊ መነጽር ይዞ ማየትን የሚያህል የለም። በድሮው የስክሪን ኅትመት ጽሑፉን የሚሥለው ሰው ነበር፤ ሁለት «ለ» ጎን ለጎን ሲታዩ የአንዱ እግር ይረዝማል፣ የአንዱ ትከሻ ይሰፋል። ሁሉም «ለ» አንድ ዓይነት ከሆነ የኮምፒውተር ሥራ እንዳይሆን መጠርጠር ነው። ኒያላ የሚባለው ፊደል ለሕዝብ የተሠራጨው በፈረንጆቹ 2007 ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ነው። በዚህ ፊደል «1954» ተብሎ የተጻፈ «ጥንታዊ» ጨርቅ አምጥቶ የሚምል ሻጭ ከተገኘ ቡናውን ጠጥቶ መሄድ ነው።

አያያዙ እንደ ቦታው ይለያያል። ደሴ ብርዷና ጉሟ ስለሚበዛ በክረምት ሻጋታ ያስቸግራል፤ ስለዚህ ጨርቁ የውጭ ግድግዳ ላይ አይሰቀልም፣ ታሽጎም በላስቲክ አይከርምም። ኮምቦልቻ ሞቃት ናት፤ እዚያ ፀሐይና ብል ይከፋሉ። በየትኛውም ቦታ መታጠብ ክልክል ነው፤ በተለይ ቀዩ ቀለም ለቆ ነጩን ያበላሻል። አቧራው የሚነሣው ስስ የቬሎ ጨርቅ ከላይ ጣል ተደርጎ፣ በዚያ ላይ የቫኪዩም አፍ በዝቅተኛ ኃይል ሲያልፍ ነው። ለወረቀት ሁሉ መድኃኒት የመሰለው ላሚኔት እዚህ አይሠራም፤ ፕላስቲኩ አንዴ ከተጣበቀ አይላቀቅም።

የሱፍ ፔናንት ላይ ብል ከታየ በላስቲክ በደንብ ታሽጎ ዲፕ ፍሪዘር ውስጥ 2 ሳምንት ይቆያል። ሲወጣም ላስቲኩ ቶሎ አይከፈትም፤ አንድ ቀን ሙሉ ሳይነካ ይቀመጥና ቅዝቃዜው ሲለቀው ይከፈታል፣ አለዚያ ጤዛው ጨርቁ ላይ ያርፋል። ከዚያ በታጠበና በደረቀ አቡጀዲ መሐል ተዘርግቶ፣ ሳይታጠፍ፣ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። ማስታወሻው የሚጻፍበት ወረቀት ከአቡጀዲው ውጭ ይሁን፤ በእስኪርብቶ ሳይሆን በእርሳስ።