የመኪናን አካል የሚያዝዘው ሣጥን፤ ስለ መታመሙና ስለ መለወጡ

ከጂንካ ተነሥቶ በቀይ አፈር አድርጎ ወደ ዲመካና ወደ ቱርሚ የወረደ ሰው አገራችን ለመኪና ቀላል አገር እንዳልሆነች ያውቃል። በደረቁ ወራት አቧራው በበር ሥር ይገባል፤ ዝናቡ ሲጥል ደግሞ ደረቅ የነበረው ወንዝ በድንገት ሞልቶ መንገደኛውን ያቆመዋል። ስለዚህ በአካባቢያችን ሰው ዘንድ የሚከበረው መኪና ብዙ ኤሌክትሪክ የሌለበት የቀድሞው ዐይነት ላንድ ክሩዘር ነው። እኔም እስከ አምና ድረስ ይህን አስተያየት ያለ ክርክር እቀበል ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠኝና ይህችን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝ በአጎቴ ደብል ጋቢና መኪና ላይ የደረሰው ነገር ነው።

ውድ አንባቢዎቼ፤ አስቀድሜ የነገሩን ምንነት ልግለጽ። በቀድሞው መኪና ውስጥ የፍሬቻው፣ የክላክሱና የመብራቱ ሽቦ እያንዳንዱ በማብሪያው፣ በፊውዝና በሪሌ በኩል አልፎ ወደ ሥራው ቦታ በቀጥታ ይሄድ ነበር። ነገር ግን በመኪና ላይ የሚጫነው የኤሌክትሪክ ዕቃ እየበዛ በሄደ ጊዜ የሽቦው ጥቅል ከበደ፤ ብልሽቱንም ፈልጎ ማግኘት አስቸጋሪ ሆነ። የጀርመኑ ቦሽ ኩባንያ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1986 ዓ.ም. ካን የተባለውን የመገናኛ ዘዴ ለዓለም አስተዋወቀ። በዚህ ዘዴ እርስ በርሳቸው የተጠማዘዙ ሁለት ሽቦዎች በመኪናው ውስጥ ያሉትን ኮምፒውተሮች ያነጋግራሉ።

ከነዚህም ኮምፒውተሮች አንዱ የአካል ተቆጣጣሪ፣ በአጭሩም ቢሲኤም የሚባለው ሣጥን ነው። አካል ማለቴ ሞተሩንና ማርሹን ትቶ መብራቱን፣ በሩን፣ መስተዋቱን፣ የዝናብ መጥረጊያውንና ክላክሱን ነው። ነጂው የፍሬቻውን ዘንግ በነካ ጊዜ ዘንጉ ራሱ መብራቱን አያበራም፤ ለሣጥኑ ይነግረዋል እንጂ። ሣጥኑም ሰምቶ ያዝዛል። በብዙ መኪኖች ላይ ደግሞ ቁልፉ የመኪናው ቁልፍ መሆኑን መርምሮ ሞተሩ እንዲነሣ የሚፈቅደው ይኸው ሣጥን ነው። ይህን ነጥብ አንባቢ ያስታውስልኝ፤ ኋላ ጣጣ ያመጣው እርሱ ነውና።

ባለፈው ዓመት በሚያዝያ ወር፣ ዝናቡ በበረታበት ሰሞን፣ የአጎቴ መኪና በግቢው ቆሞ ሳለ በእኩለ ሌሊት ብቻውን ክላክስ ማድረግ ጀመረ። ጎረቤቱ ሁሉ ነቃ። በማግሥቱ በሮቹ ራሳቸውን ይቆልፉና ይከፍቱ ጀመር፤ የግራው ፍሬቻ እንቢ አለ፤ በሦስተኛው ቀን ባትሪው ደርቆ አደረ። መኪናው የታየበት ጋራዥ ኮፈኑን ከፍቶ ጥቂት ከተመለከተ በኋላ «ኮምፒውተሩ ሞቷል» ብሎ ፈረደ። አጎቴ መኪናው የእንጀራው መሣሪያ ስለ ሆነ ጊዜ አላጠፋም፤ ከአዲስ አበባ፣ ከመርካቶ ሶማሌ ተራ፣ ያገለገለ ሣጥን አስገዝቶ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ በአውቶቡስ አስመጣ። ሣጥኑ ገባ፤ መብራቱም በራ። ሞተሩ ግን ጨርሶ አልነሣም አለ፤ በዳሽቦርዱ ላይ የቁልፍ ምልክት ብልጭ ድርግም ከማለት በቀር። አስቀድሞ እያስቸገረም ቢሆን ይሄድ የነበረው መኪና ከዚያ ወዲያ ሦስት ሳምንት ቆመ።

በመጨረሻ ከአርባ ምንጭ አንድ ወጣት የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ የመመርመሪያ መሣሪያውን ይዞ መጣ። ነገሩን ሁሉ ከሰማ በኋላ ለአጎቴ፤

«ጋሼ፣ ይህ ሣጥን የሚያውቀው የሌላ ሰው መኪና ነው፤ የእርስዎን ቁልፍ የሌባ መስሎት ነው» አላቸው።

አጎቴ ሣቁም ተናደዱም። ሰውዬው አሮጌውን ሣጥን መልሶ ከተከለ በኋላ ማንንም ሳይወቅስ ቴስተሩን አወጣ። ባትሪው ተሞልቶ ነበርና 12.6 ቮልት አሳየ፤ ይህ ደኅና ነው። ቀጥሎ መብራቶቹን አብርቶ የቴስተሩን አንድ እግር በባትሪው ኔጌቲቭ፣ ሁለተኛውን በሣጥኑ የማሳ ሽቦ ላይ አደረገ። ማሳ የምንለው ኤሌክትሪኩ በመኪናው ብረት በኩል ወደ ባትሪ የሚመለስበትን መንገድ ነው። (ቃሉ እንደ ፍሬቻና እንደ ኮፈን ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ የጋራዥ ቋንቋችን ግማሹ እንዲሁ ነው።) መንገዱ ንጹሕ ከሆነ በሁለቱ መካከል የሚገኘው ልዩነት ከ0.2 ቮልት ማለፍ አይገባውም። እኛ ያየነው ግን ከ2 ቮልት በላይ ነበር። ከነጂው እግር አጠገብ ያለውን ልባስ ቢያነሡት የማሳው ብሎን በዝገት ተበልቷል። ብሎኑ ተፍቆ በደንብ ጠበቀ፤ ክላክሱ ዝም አለ፤ በሮቹም ዐረፉ። ይህን ሁሉ የፈታው አንድ ቍራጭ የብርጭቆ ወረቀት ነው።

የግራው ፍሬቻ ግን አሁንም አልሠራም። መሣሪያውም ስሕተቱን በ«ቢ» ፊደል በሚጀምር ቍጥር አመለከተ፤ ይህ ፊደል የአካል ክፍል ብልሽት ምልክት ነው። ከዚያም ባትሪው ተፈትቶ የካን ሽቦዎችን እንድለካ ለእኔ ተፈቀደልኝ። ከመሪው በታች 16 ቀዳዳ ያለው ሶኬት አለ፤ በ6ኛውና በ14ኛው መካከል ስለካ 60 ኦም አገኘሁ። በፊዚክስ ክፍል ሬዚስተሮች በፓራሌል ሲያያዙ የተማርነውን አስታውሱ፤ በመስመሩ ሁለት ጫፎች 120፣ 120 ኦም የሆኑ ሬዚስተሮች ስላሉ የሁለቱ ድምር ውጤት 60 ነው። 120 ቢሆን ኖሮ መስመሩ ተቈርጧል፣ ወደ ዜሮ ቢጠጋ ሁለቱ ሽቦዎች ተነካክተዋል ማለት ነበር። ያን ቀን ይህ ሒሳብ ለፈተና ብቻ እንዳልተሰጠን ገባኝ። መስመሩ ደኅና ስለ ሆነ ሣጥኑ ተከፈተ፤ በውስጡም እግሮቹን አረንጓዴ ዝገት ወርሷቸዋል። እንግዲህ ሣጥኑ በእርግጥ ታሟል፤ የተከሰሰበት ነገር ግማሹ ግን የማሳው ኀጢአት ነበር።

መለወጡ እንዴት ሆነ? በአሮጌው ሣጥን ላይ በተለጠፈው ወረቀት ያለው ቍጥር እስከ መጨረሻው ፊደል ድረስ ተገልብጦ በዚያው ቍጥር አዲስ ታዘዘ። አሮጌው ገና በሕይወት ሳለ በውስጡ ያለው ማስታወሻ፣ ይኸውም 17 ፊደልና ቍጥር ያለው የመኪናው መለያና የዕቃዎቹ ዝርዝር፣ በመሣሪያው ተነብቦ ተቀመጠ። ሶማሌ ተራ የተገዛው ሣጥን የጎደለው ይህ ነበር። አዲሱ ሲደርስ አስቀድሞ የባትሪው ኔጌቲቭ ተፈታ፤ የአየር ከረጢቱ ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ ስለሚይዝ ጥቂት ደቂቃ ተጠበቀ፤ ሠራተኛው በእጁ ላይ ያለው ኤሌክትሪክ ሣጥኑን እንዳይጎዳ የመኪናውን ብረት ነካ፤ ሶኬቶቹንም ሽቦአቸውን ሳይሆን መቆለፊያቸውን ይዞ ነቀለ። አዲሱ ከተተከለና ባትሪው ከታሰረ በኋላ ማስታወሻው ተጻፈበት። በዚህ ጊዜ የባትሪ መሙያው ሳይነቀል ቈየ፤ ጽሑፉ ሳያልቅ ኤሌክትሪኩ ቢደክም ሣጥኑ ባዶ ሊቀር ይችላልና።

የቀረው ቁልፎቹን ማስተዋወቅ ነበር። በአንዳንድ መኪና በዚያ ሰዓት ያልቀረበ ቁልፍ ከመዝገቡ ይሰረዛል። ሁለተኛው ቁልፍ ግን ኦሞራቴ በሄደው ሾፌር ኪስ ውስጥ ነበር! እስኪመለስ አንድ ቀን ጠበቅን፤ አጎቴ ሦስት ሳምንት ከታገሡት ይልቅ ያ አንድ ቀን የረዘመባቸው ይመስለኛል።

ስለ ላንድ ክሩዘሩ ከመምህራኖቼ አንዱ ጋር እስከ ዛሬ እንከራከራለን። እርሳቸው «የማይገባህን መኪና አትግዛ» ይላሉ። እኔ ግን በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አነሣለሁ። የኤሌክትሪክ መኪና እንዲህ ያሉ ሣጥኖች ሞልተውበታል፤ የቀድሞውን እያመሰገንን ብንቀመጥ የሚጠግነው ማን ነው?

ውሃው ከየት እንደ ገባ ለማወቅ የፊት መስተዋቱን ሥር ፈተሽን። የዝናቡ ውሃ መውረጃ በማንጎ ቅጠል ተደፍኖ ነበር፤ መኪናው የሚያድረው ከማንጎው ዛፍ ሥር ነው። ቅጠሉን በእጄ አወጣሁት፤ አጎቴም ከዚያ ወዲህ መኪናውን በሌላው የግቢ ወገን ያሳድራሉ። አሮጌው ሣጥን በእኔ ዘንድ ይገኛል። ውስጡን ማየት የሚወድ ተማሪ በዕረፍት ሰዓት ቢጠይቀኝ አመጣለታለሁ።