ከአማካሪ ደጃፍ ምን ይዘን እንገባለን?

እንደሚታወቀው አዲስ የተቀጠረ ረዳት ምሩቅ በአንድ አንጋፋ ባልደረባ ሥር ሆኖ ሥራ እንዲለምድ ይመደባል። ምደባው ግን በራሱ ዕውቀት አያስገኝም። በዚህ ጽሑፍ ጉዳዩን በማይክል ፋራዳይ ታሪክ እንመለከተዋለን።

ፋራዳይ የመጽሐፍ ጥረዛ ተለማማጅ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1812 በለንደኑ ሮያል ኢንስቲትዩሽን የኬሚስቱን የሃምፍሪ ዴቪን አራት ትምህርቶች ተከታተለ። የሰማውን ቤቱ ገብቶ አስፋፍቶ ጻፈ፤ ሥዕል አከለበት፤ ጠርዞም ለዴቪ ላከለት። ዴቪ በመጀመሪያ ከጥረዛ ሥራው እንዳይለይ ቢመክረውም፣ በ1813 የረዳትነት ቦታ ሲከፈት አስጠራው። ልብ እንበል፤ ፋራዳይ «አስተምረኝ» ያለው የገባውን ያህል በጽሑፍ አስቀድሞ ነው።

በእኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ይኸው ነው። «መሣሪያው አልሠራ አለ» ብሎ ባዶ እጁን የሚመጣ ወጣት አማካሪውን ለግምት ይዳርጋል፤ «በዚህ ቮልቴጅ ይህን አነበብሁ፤ ሽቦውን ብለውጥም ንባቡ አልተለወጠም» ለሚል ግን አሥር ደቂቃ ይበቃዋል። ከሁሉ የከፋው ይሉኝታ ነው። እኛም በውጭ አገር ስንማር ያልገባንን «ገባኝ» እያልን ሳምንታት አባክነናል፤ አማካሪያችንን ያከበርን መስሎን ነበር።

ፋራዳይ ከ1813 እስከ 1815 ዴቪን ተከትሎ አውሮፓን ሲዞር የአሽከርነት ሥራም ተጭኖበት ነበር። (ረዳትን ሻይ ማስመጣት ተገቢ ነው ማለታችን አይደለም።) ሆኖም በ1814 ፍሎረንስ ላይ ዴቪ በትልቅ ሌንስ የፀሐይን ብርሃን ሰብስቦ በኦክስጅን ውስጥ አልማዝ ሲያቃጥል፣ አልማዝም ካርቦን መሆኑን ሲያረጋግጥ አጠገቡ ነበር። እንዲህ ያለውን የእጅ ጥበብ ከመጽሐፍ ማግኘት ያዳግታል።

ከአማካሪ የሰማነውን ሐሳብ ስንሠራበት ግን ጥንቃቄ ያሻል። በ1821 ዊልያም ዎላስተን ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ሽቦ በማግኔት ፊት በራሱ ዘንግ ይሽከረከራል ብሎ ከዴቪ ጋር ቢሞክር አልሆነለትም። ፋራዳይ ውይይታቸውን ሰምቶ ነበር። በዚያው ዓመት በመስከረም ሽቦው በማግኔቱ ዙሪያ እንዲዞር አደረገ፤ ሲያሳትም ግን የሁለቱንም ስም አላነሣም። ግኝቱ የተለየ ቢሆንም በሐሳብ ስርቆት ታማ፤ በ1824 ለሮያል ሶሳይቲ አባልነት ሲመረጥም ፕሬዚዳንቱ ዴቪ ተቃውሞት ነበር።

ስለዚህ በሥራ ደብተራችን ከንባቡ ጎን ሐሳቡ የማን እንደሆነ ከነቀኑ እንጻፍ፤ ረቂቁንም ወደ ኅትመት ከመላኩ በፊት አማካሪው ይየው። ፋራዳይ ዎላስተንን ፈልጎት ነበር፤ ከከተማ ወጥቶ ስለነበር አላገኘውም፤ እስኪመለስ ግን አልጠበቀም።