ከርሞ የተነሣ ሞተር ብስክሌት ቤንዚን ሲያፈስ፤ ስለ ካርቡራተር አመረማመር

በምዕራብ ጎጃም ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው አገር፣ የእርሻ ባለሙያ ከዋናው መንገድ ወደ ቀበሌ የሚገባው ብዙ ጊዜ በሞተር ብስክሌት ነው። መጤው ተምች በ2009 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ከገባ ወዲህ ደግሞ በቆሎ የሚዘራበት አገር ሁሉ ፈጥኖ ደራሽ ይሻል፤ ዕንቍላሉ በጥቂት ቀን ይፈለፈላልና፣ ትሉም ወደ ተክሉ እምብርት ከገባ በኋላ መድኃኒት በጭንቅ ነው የሚያገኘው። በዚያ ቀን ሞተሩ ከግምጃ ቤት ወጥቶ ቤንዚን ከሥሩ እየተንጠባጠበ አልነሣም ቢል፣ ጕዳቱ በገበሬው ማሳ ላይ ይደርሳል። ብዙ ሹማምንት እንዲህ ያለውን ሞተር አርጅቷል ብለው ከሚወገደው ዕቃ ጋራ ያስመዘግቡታል። ነገር ግን ይህ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ከአንዲት ትንሽ መርፌ የሚመጣ ነውና፣ የወረዳ ሹም በእጁ ባይፈታው እንኳ ዐውቆ ሊያዝበት ይገባል።

የካርቡራተር ነገር እንዲህ ነው። ቤንዚን ከሰልባቲዮው በሩቢኔት በኩል ወርዶ ከካርቡራተሩ ሥር ወዳለች ትንሽ ጽዋ ይገባል። በጽዋይቱ ውስጥ ከናስ ወይም ከፕላስቲክ የተሠራ ተንሳፋፊ አለ፤ ቤንዚኑ ሲሞላ ተንሳፋፊው ከፍ ብሎ ሹሏን መርፌ ወደ መግቢያው ቀዳዳ ይገፋትና ይዘጋል። ሞተሩ ቤንዚኑን ሲጠጣ ተንሳፋፊው ዝቅ ይላል፤ መርፌዋም ትከፍታለች። መርፌዋ ካልዘጋች ግን ቤንዚኑ ከጽዋው ተርፎ በማፍሰሻው ቧንቧ ወደ መሬት፣ ወይም በጕሮሮው ወደ ሞተሩ ሆድ ይፈሳል።

ሞተሩ ክረምቱን ሙሉ ሲቆም በጽዋው የቀረው ቤንዚን ይተንና እንደ ሙጫ የሚያጣብቅ አተላ ይተዋል፤ መርፌዋንም ከመቀመጫዋ ጋራ ያስራታል። ከሰልባቲዮው የሚወርድ የዝገት ቅንጣትም በመርፌዋና በቀዳዳው መካከል ይገባል። በጠርሙስ ተሞልቶ በመንገድ ዳር የሚሸጥ ቤንዚን አቧራና ውሃ ሊኖረው ስለሚችል፣ በንጹሕ ማጥለያ ሳይጠሩ መጨመር አይገባም።

ከሁሉ አስቀድሞ ሩቢኔቱ ይዘጋ፤ ሞተሩም ከሣር ቤትና ከዘር ማከማቻ ርቆ ወደ ሜዳ ይውጣ፤ እሳትና ሲጋራ አይቅረበው። ከዚያ በኋላ ካንዴላው ተፈትቶ ይታይ። (ካንዴላ በኢጣሊያንኛ ሻማ ማለት ነው፤ የመካኒኮቻችን ቋንቋ ብዙው ከዚያ የመጣ ነው።) ካንዴላው በቤንዚን ርሶ ከተገኘ ነገሩ መጥለቅለቅ ነው። ደረቅና ጥላሸት የለበሰ ከሆነ ግን በመርፌዋ አትፍረዱ፤ የአየር ማጥለያው ታፍኗል፣ ወይም ቾክ የሚባለው የአየር መዝጊያ ሳይከፈት ቀርቷል። የቡሬ ከፍታ ሁለት ሺህ ሜትር ያህል በመሆኑ፣ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር በአምስት እጅ አንዱን ያህል ይሳሳል፤ ስለዚህ ለቆላ የተመጠነ ካርቡራተር በዚህ አገር ጥቂት ቢያጠቍር አያስደንቅም።

ብዙ ሰው የሚረሳውና ከሁሉ የሚከፋው የዘይቱ ነገር ነው። አራት ምት በሚባለው ሞተር፣ ሩቢኔቱ ክፍት ሆኖ የከረመ እንደ ሆነ ቤንዚኑ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ዘይቱ ከልኩ ከፍ ብሎ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ፣ ሞተሩን አንድ ጊዜ እንኳ ማስነሣት አይገባም፤ የቀጠነ ዘይት ብረትን ከብረት አይጠብቅምና ፒስተኑና ዘንጉ ይበላሉ። በቅድሚያ ካርቡራተሩ ይበጅ፤ ከዚያ ዘይቱ ይለወጥ። ሁለት ምት በሚባለው ደግሞ ሩቢኔቱ ተዘግቶ፣ ካንዴላው ወጥቶ፣ ሽቦውም ብልጭታ እንዳይሰጥ ርቆ፣ መነሻው ደጋግሞ ይረገጥ፤ የገባው ቤንዚን ይወጣል።

ከጽዋው ሥር ያለችውን ብሎን ፈትቶ የሚወርደውን በብርጭቆ መቀበል ጥሩ ነው፤ ውሃ ካለበት ከበታች ይታያልና። በካቻቢቴ እጀታ ጽዋውን ቀስ አድርጎ መምታት የተጣበቀችን መርፌ አንዳንድ ጊዜ ያላቅቃል፤ ይህ ግን ለመንገድ እንጂ ለዘወትር አይሆንም። ጽዋው ሲፈታ ተንሳፋፊው ይወዝወዝ፤ በውስጡ ቤንዚን ከተንቦጫቦጨ ተቀዷል። በሙቅ ውሃ ቢነከር አረፋው ቀዳዳውን ያሳያል። መርፌዋ በጫፏ ዙሪያ ቀለበት የሚመስል ጠባሳ ካላት አልቃለች፤ በብርጭቆ ወረቀት ማሸት ይብሱን ያጠፋታል። ጥቃቅኖቹ ቀዳዶች በትንፋሽ ወይም በጎማ መንፊያ ይጸዱ፤ የብረት ሽቦ የገባባቸው እንደ ሆነ ይሰፉና ልካቸው ይበላሻል።

ሥራው መሳካቱን ያለ ቤንዚን መፈተን ይቻላል። ካርቡራተሩን ገልብጦ በንጹሕ ቱቦ በመግቢያው እፍ ማለት ነው፤ የተንሳፋፊው ክብደት መርፌዋን ስለሚጫናት ትንፋሽ ማለፍ የለበትም። ቀና ሲደረግ ግን ማለፍ አለበት። ተገልብጦ ሳለ ትንፋሽ የሚያሳልፍ ከሆነ፣ መርፌዋና መቀመጫዋ በአንድነት ይለወጡ። የተንሳፋፊውን ምላስ በግምት ማጣመም ከፋብሪካው መጽሐፍ የተሰጠውን ልክ ያጠፋል።

ሞተሩ ለክረምት ሲቆም ሩቢኔቱ ተዘግቶ ጽዋው እንዲፈስ፣ ይህንም የግምጃ ቤት ኀላፊው ከቀኑ ጋራ በመዝገብ እንዲጽፍ ይታዘዝ። መለዋወጫ ለመግዛት ወደ ባሕር ዳር የሚላክ ሰውም የሞተሩን ስም ብቻ ይዞ አይሂድ፤ አሮጌዋን መርፌ ከመቀመጫዋ ጋራ በጨርቅ ጠቅልሎ ይያዝ፤ ለዓይን አንድ የሚመስሉ መርፌዎች በርዝመትና በውፍረት ይለያያሉና።