ውኃ ብረት እንዴት ይቆርጣል?

ቢላ ተወልዶ፣ በክረምት ጎርፍ የበላውን የቦረቦር ዳር ያላየ የለም። ከጣሪያ የሚወርድ ጠብታም የደጃፉን ድንጋይ ሲቦረቡር እያየን አድገናል። ስለዚህ «ውኃ ብረት ይቆርጣል» ሲባል መሳቅ አይገባንም፤ ይልቁንስ «በምን ዘዴ?» ብለን እንጠይቅ።

ምሥጢሩ ግፊት ነው። ለምሳሌ ያህል እ.ኤ.አ. በ1973 ሥራ የጀመረውን የፊንጫን የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ እንውሰድ። በዚያ ውኃው በቧንቧ ከ500 ሜትር በላይ ቁልቁል ስለሚወርድ ግፊቱ 50 ባር ያህል፣ ሲፈናጠርም ፍጥነቱ በሴኮንድ 100 ሜትር ያህል ይሆናል። ይህ ተርባይን ያዞራል እንጂ ብረት አይቆርጥም። በመቁረጫው መኪና ግን ግፊቱ እስከ 4000 ባር ይደርሳል፤ ይኸውም የፊንጫው 80 እጥፍ መሆኑ ነው።

ይህን የሚያህል ግፊት ከየት ይመጣል? 200 ባር ግፊት ያለው ዘይት ሰፊውን ፒስቶን ይገፋል፤ ሰፊው ደግሞ ፊቱ በ20 እጅ የሚያንሰውን ጠባቡን ፒስቶን ይገፋል። ኃይሉ ያው ሆኖ ያረፈበት ስፍራ በ20 እጅ ስለ ጠበበ፣ ግፊቱ በ20 እጥፍ ያድጋል። መርፌ ጨርቅ የሚበሳውም ጫፉ ቀጭን ስለ ሆነ አይደለምን? ከዚያም ውኃው በሰንፔር ወይም በአልማዝ ላይ ከተበሳች፣ ስፋቷ ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ ከማይሞላ ቀዳዳ በሴኮንድ 900 ሜትር ያህል እየበረረ ይወጣል። ግፊቱ 80 እጥፍ ሲያድግ ፍጥነቱ ያደገው 9 እጥፍ ብቻ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል፤ ፍጥነት የሚያድገው በግፊቱ ስኩዌር ሩት ልክ ነውና።

ንጹሕ ውኃ ብቻውን ወረቀት፣ ስፖንጅና ኬክ ይቆርጣል። ለብረት፣ ለመስተዋትና ለእብነ በረድ ግን ጋርኔት የሚባል ጠንካራ የድንጋይ አሸዋ ይጨመርበታል። ጎርፍም ቦረቦሩን የሚቆፍረው አሸዋና ጠጠር ስለሚሸከም ጭምር ነው። ይህን በአሸዋ የመቁረጥ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1980 ገደማ ለፍሬ ያበቃው በእስክንድርያ ዩኒቨርሲቲ የተማረው ግብፃዊው መሐንዲስ መሐመድ ሐሺሽ ነው። የፊንጫን ውኃ ተቀብሎ የሚወርደው የዓባይ ልጅ ነው ማለት ይቻላል።

የዚህ መኪና ትልቁ ጥቅም ብረቱን አለማቃጠሉ ነው። የጋዝ ነበልባል ላሜራውን ያጣምማል፤ የተቆረጠውንም ዳር ጠባዩን ይለውጠዋል። ውኃ ግን ይህን ስለማያደርግ ለአውሮፕላን አካል የሚሆነው ቲታንየም ይቆረጥበታል። ጉድለትም አለው፤ ወፍራም ብረት ላይ ይዘገያል፤ ጋርኔቱም ወጪ ነው። በእጅ ላይ ቢያርፍ ደግሞ ቁስሉ ከላይ ትንሽ መስሎ ከውስጥ እጅግ የጠለቀ ስለሚሆን፣ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል።

እንግዲህ ከወለጋ ጎረቤት፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ የዳለቲ እብነ በረድ አለ። «ይህን መኪና አምጥተን ለምን አንቆርጥበትም?» የሚሉ ጓደኞች አሉን። አሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ቀጥ ያለውን ሰሌዳ የአልማዝ መጋዝ በርካሽ ይቆርጠዋል። የውኃው ዋጋ የሚታወቀው በአበባና በልዩ ልዩ ቅርጽ ሥራ ላይ ነው። መኪናውን ከመመኘታችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ የማይቋረጥ መብራት አለን? ቀዳዳዋን የማያበላሽ የተጣራ ውኃ አለን? ሲሰበር የሚጠግነው ሰው ማን ነው? የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ሌሎች ያሟሉልን ይሆናል። የሦስተኛው መልስ ግን በዚህ ግቢ በምንማረው በእኛ እጅ ነው። አዋቂ ያጣ መኪና፣ ብረት መቁረጡ ቀርቶ ራሱን ዝገት ይበላዋል።