መገጣጠሚያና ግጥም፦ «አርቲኩሌት» የሚለው ቃል ትርጉምና አገልግሎት

በከፍተኛ ትምህርት ተቋም የሚማር ተማሪ «አርቲኩሌት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በተለያዩ የትምህርት መስኮች ያገኘዋል። የሕክምና ተማሪ አጥንት ከአጥንት ስለሚገናኝበት ቦታ ሲያጠና፣ የሥነ ልሳን ተማሪ የድምፅን አፈጣጠር ሲማር፣ የምሕንድስና ተማሪም ስለ ረጃጅም ተሽከርካሪዎች ሲያነብ ይገጥመዋል። ከዚህም ሌላ ሐሳቡን አጥርቶ የሚናገር ሰው በዚሁ ቃል ሲመሰገን እንሰማለን። አንድ ቃል ግልጽ ንግግርንና መገጣጠሚያን በአንድነት ሊያመለክት የቻለው እንዴት ነው? በዚህ ጽሑፍ በመጀመሪያ የቃሉን ምንጭ እንመለከታለን። ቀጥሎም ከኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ በተወሰዱ ሁለት ምሳሌዎችና በራሳችን አንደበት በምናደርገው ቀላል ሙከራ ትርጉሞቹን የሚያስተሳስረውን ሐሳብ እንመረምራለን።

የቃሉ ምንጭ

በላቲን ቋንቋ «አርቱስ» መገጣጠሚያ ማለት ሲሆን፣ «አርቲኩሉስ» ደግሞ ትንሽ መገጣጠሚያ ማለት ነው። ከዚህ የተገኘው ግሥ አንድን ነገር በመገጣጠሚያ መከፋፈልን፣ በኋላም ንግግርን እየለዩ ማውጣትን አመለከተ። ሕግ የሚከፋፈልበት አንቀጽ በእንግሊዝኛ «አርቲክል» የተባለውም ከዚሁ ሥር ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት 106 አንቀጾች አሉት፤ እያንዳንዱ ለብቻው ይጠቀሳል፣ ሁሉም ግን የአንድ አካል ክፍሎች ናቸው።

አማርኛም ለዚህ ሐሳብ እንግዳ አይደለም። «መገጣጠሚያ» እና «ግጥም» የወጡት «ገጠመ» ከሚለው ከአንድ ግሥ ነው። «አንጓ» ስንልም የሸንበቆን፣ የእጅን፣ እንዲሁም የግጥምን ክፍል ማለታችን ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ላቲኑ መለየቱን፣ አማርኛው መግጠሙን ማጉላቱ ነው። ሁለቱ ግን የአንድ ነገር ሁለት ገጽታዎች ናቸው፤ ያልተለያየ ነገር ሊገጥም አይችልምና።

ባቡሩ በኩርባ ላይ

በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር የምሥራቅ ምዕራብ መስመር ከአያት ተነሥቶ በኮልፌ ቀራንዮ ምሥራቃዊ ጠርዝ አካባቢ በሚገኘው ጦር ኃይሎች ይደርሳል። ባቡሩ እርስ በርስ የተያያዙ ክፍሎች አሉት። ለምን እንደ አንድ ረጅም ሣጥን አልተሠራም?

ለምሳሌ ርዝመቱ 30 ሜትር የሆነ የማይታጠፍ አካል ሁለት ጫፎቹ በሐዲድ ላይ ሆነው፣ ሬዲየሱ 50 ሜትር በሆነ ኩርባ ላይ ቆመ እንበል። መካከሉ ከሐዲዱ የሚርቀው በግምት የርዝመቱ ካሬ ለሬዲየሱ 8 እጥፍ ሲካፈል የሚገኘውን ያህል ነው፤ ማለትም 900 ሲካፈል ለ400፣ ወይም 2.25 ሜትር። ይህ አካል ከአጠገቡ ያለውን ምሰሶ ወይም ሌላ ባቡር ሊገጭ ይችላል። ያንኑ ርዝመት እያንዳንዳቸው 10 ሜትር ወደሆኑ ሦስት ክፍሎች ብንከፍለው ግን ርቀቱ ወደ 25 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ክፍሎቹ 3 ሲሆኑ መራቁ በ9 እጅ ይቀንሳል ማለት ነው።

ጣት ሲታጠፍ

መገጣጠሚያ መኖሩ ብቻ ግን በቂ አይደለም፤ የሚቆጣጠረው ኃይልም ያስፈልጋል። ይህን የሚያስረዳው ምሳሌ በዚያው ክፍለ ከተማ በዘነበወርቅ አካባቢ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1965 የተመሠረተው አለርት ለሥጋ ደዌ ሕክምና፣ ተሐድሶና ሥልጠና የታወቀ ማዕከል ነው።

ጣት በሦስት መገጣጠሚያዎች የተያያዘ የአጥንት ሰንሰለት ነው። ከክንድ የሚመጡ ረጃጅም ጅማቶች በሁለት በኩል ይስቡታል፤ በመዳፍ ውስጥ ያሉት ትናንሽ ጡንቻዎች ደግሞ በመካከላቸው ሚዛን ይጠብቃሉ። ሐንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 ያገኘው የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ነርቭን ሲጎዳ እነዚህ ትናንሽ ጡንቻዎች ሊሰንፉ ይችላሉ። በዚህ ጊዜ ረጃጅሞቹ ጅማቶች መሳባቸውን ስለሚቀጥሉ፣ የጣቱ ሥር ወደ ኋላ ሲለጠጥ ጫፉ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። አጥንቱም ጅማቱም እያለ እጅ መያዝ ይሳነዋል። የቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች ከጤነኛ ጡንቻ ጅማት በማዛወር የጠፋውን ሚዛን መመለስ ችለዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚቀድመው ግን በጊዜ መታከም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 ያስተዋወቀው የተቀናጀ የመድኃኒት ሕክምና በሽታውን ያድናል። ስለዚህ በቆዳው ላይ ስሜት የሌለው ምልክት ያየ ሰው ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባዋል።

አንደበትስ?

ንግግርም እንደ ጣት እንቅስቃሴ ነው። ከሳንባ የሚወጣው አየር ያለ ማቋረጥ ቢፈስ የሚሰማው አንድ ወጥ ድምፅ ብቻ ይሆናል። ከንፈር «በ»ን፣ የምላስ ጫፍ «ተ»ን፣ የምላስ ጀርባ «ከ»ን በመዝጋትና በመክፈት ፍሰቱን ይከፋፍሉታል። የሥነ ልሳን መምህራን ይህን ቦታ «መካነ ፍጥረት» ይሉታል።

እስቲ ትንፋሻችንን ይዘን «ጥ» እና «ቅ» ለማለት እንሞክር። ድምፃቸው ይሰማል። «ት» እና «ክ» ግን እንደወትሮው አይወጡም። ምክንያቱ ምንድን ነው? «ጥ» ስንል ከላይ ምላስ፣ ከታች የድምፅ አውታሮች አየሩን ይዘጉታል፤ ከዚያም ማንቁርት ከፍ ሲል የታሰረው አየር ይጠባል። በቦይል ሕግ መሠረት የአየሩ ይዘት ከመቶ ሁለት እጅ ቢቀንስ ግፊቱ በግምት ያንኑ ያህል ይጨምራል። ምላስ ሲለቅ አየሩ ፈንድቶ ይወጣል። «መታ» እና «መጣ» የሚለያዩት በዚህች ቅጽበታዊ ክንውን ነው።

የመዝጊያው ጊዜም ትርጉም አለው። «አለ» ስንል «ለ» ከላላ ተናገረ፣ ከጠበቀ ደግሞ ይገኛል ማለት ነው። ፊደላችን ይህን ልዩነት አይጽፈውም፤ አንደበት ግን ይለካዋል።

በአማርኛ ስንጠቀምበት

ቃሉን ስንተረጉም አገባቡን ማየት አለብን። ለተናጋሪ «አንደበተ ርቱዕ» ወይም «ሐሳቡን አጥርቶ የሚገልጽ» ማለት ይስማማል። ለተሽከርካሪ ግን «የተገጣጠመ» ማለት ያሳስታል፤ «በአገር ውስጥ የተገጣጠመ አውቶቡስ» ስንል ዕቃው መጥቶ እዚህ የተሠራ ማለታችን እንጂ በመካከሉ ይታጠፋል ማለታችን አይደለምና። ስለዚህ «ባለ መገጣጠሚያ» ቢባል ይሻላል።

ይህ እውቀት ለፈተና ወረቀትም ይጠቅማል። የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ የጻፈ ተማሪ፣ ቁጥሩ ትክክል ቢሆንም፣ ያሰበበትን መንገድ አላሳየም። የተሰጠው ምንድን ነው? የተጠቀምንበት ሕግ የትኛው ነው? ከዚህ ወደዚያ የተሻገርነው በምን ምክንያት ነው? እያንዳንዱ እርምጃ ተለይቶ ሲታይና ከቀጣዩ ጋር ሲገጥም፣ አንባቢው አብሮን ሊሄድ፣ ስሕተትም ካለ ያለበትን አንጓ ሊያመለክተን ይችላል።